ለባሕር ዳር ቤት በቤንዚንም በጋዝም የሚሠራ ኢንቨርተር ጄኔሬተር እንዴት እንምረጥ?

ካርቶኑ ላይ 2200 ዋት የተጻፈበት ጄኔሬተር ባሕር ዳር ላይ 2200 ዋት አይሰጥም። በሲሊንደር በሚሸጠው የማብሰያ ጋዝ ካስነሳችሁት ደግሞ ይብስበታል። ሻጩ ላይዋሻችሁ ይችላል። ቁጥሩ የተለካው ባሕር ጠለል አካባቢ፣ በቤንዚን፣ ያውም ለጥቂት ሰከንድ የሚችለውን ነው። እኛ ያለነው 1800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። ብዙ ሰው ይህን የሚያውቀው ገንዘቡን ከፍሎ፣ ዕቃውን በባጃጅ ጭኖ ቤት ካደረሰ በኋላ ነው። እኔም ከገዛሁ በኋላ ነው የገባኝ። እናንተ ቀድማችሁ እንድታውቁት ብዬ ነው የምጽፈው።

እኔ ጄኔሬተር የገዛሁት ለእናቴ ኢንሱሊን ብዬ ነው። ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ቅዝቃዜ ውስጥ ይቀመጣል፣ ፍሪጁ ውሎ አድሮ ካልሠራ ደግሞ እሷ ናት የምትጎዳው። ከጣና ውኃ ወስዶ 460 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ የተሠራው የበለስ ጣቢያ በ2002 ዓ.ም. ተመርቋል፣ ጢስ ዓባይም ከከተማችን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ኃይል ማመንጫ አጠገብ ስለኖርን ግን መብራት አይጠፋም ማለት አይደለም፤ መስመር አለ፣ ትራንስፎርመር አለ፣ የክረምት መብረቅ አለ።

1. መጀመሪያ፣ በእርግጥ ያስፈልጋችኋል?

የምትፈልጉት አምፖል፣ ስልክ ቻርጅ እና ዋይፋይ ብቻ ከሆነ ጄኔሬተር አትግዙ። ባትሪና ትንሽ ሶላር ይበቃችኋል። ነዳጅ አይጠይቅም፣ አይጮህም። ደቅ ደሴት ወይም ዘጌ ቡናው ውስጥ ያለ ቤት ማታ ማታ ለሁለት አምፖል ብሎ ሞተር ቢያስነሳ ለኪሱም ለጆሮውም አይበጀውም። ኮንዶሚኒየም ፎቅ ላይ የምትኖሩም ባትሪውን አስቡ፤ ለምን እንደሆነ ወደ ታች እነግራችኋለሁ።

ጄኔሬተር የሚያስፈልገው ፍሪጅ ውስጥ መበላሸት የሌለበት ነገር ላለው፣ ውኃ በፓምፕ ወደ ሮቶ ለሚያወጣ፣ ዓሣ ገዝቶ ፍሪዘር ለሚያስቀምጥ ሰው ነው።

2. ወረቀት አውጡና ጻፉ

መብራት ሲጠፋ የግድ መሥራት ያለባቸውን ዕቃዎች ብቻ ጻፉ። ከዕቃው ጀርባ የተለጠፈው ላይ ዋቱ አለ። ዋት ከሌለ አምፔሩን በ220 አባዙት፣ የሚመጣው ቁጥር ለግምት ይበቃል።

የእኔ ቤት ይህን ይመስላል፦ ፍሪጅ 150፣ ቴሌቪዥን 100፣ ላፕቶፕ 65፣ ስድስት ኤልኢዲ አምፖል 60፣ ስልኮች 30፣ ዋይፋይ 15። በድምሩ 420 ዋት። ይህን ሲያይ ሰው "እንግዲያው 800 ዋት ያለው ትንሹ ይበቃኛል" ይላል። አይበቃም። ሞተር ያለው ዕቃ ሁሉ ሲነሳ ለአንድ አፍታ ከሚሠራበት ብዙ እጥፍ ይስባል። 150 ዋት የሚለው ፍሪጅ ሲነሳ እስከ 900 ዋት ሊጠይቅ ይችላል። ሌሎቹ 270 ዋት እየወሰዱ ፍሪጁ ከተነሳ 1170 ሆነ ማለት ነው። የምትገዙት ለዚያች አፍታ የሚበቃውን ነው።

የውኃ ፓምፕ ካላችሁ ነገሩ ይከብዳል። ግማሽ የፈረስ ጉልበት ያለው ፓምፕ ሲሠራ ወደ 600 ዋት ይወስዳል፣ ሲነሳ ግን 1800 አካባቢ ይደርሳል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ፓምፑን ስታስነሱ ፍሪጁን ንቀሉት፣ ሮቶው ሲሞላ መልሳችሁ ሰኩት። እንዲህ ካደረጋችሁ አንድ ደረጃ አነስ ያለ ጄኔሬተር ይበቃችኋል።

ምጣድ፣ ቦይለር፣ የውኃ ማፍያ፣ ካውያ ከወረቀቱ ይውጡ። የኤሌክትሪክ ምጣድ ብቻውን ከ3000 ዋት በላይ ነው። እንጀራ ለመጋገር ብሎ ትልቅ ጄኔሬተር መግዛት በኔ እምነት ገንዘብ ማባከን ነው። ለዚያ ቀን በእንጨት የሚሠራው "ምርጥ" የሚባለው ምድጃ አለ።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር፣ ብዙ ነዳጅ ያድንላችኋል። በሩ ካልተከፈተ ፍሪጅ ቅዝቃዜውን 4 ሰዓት ያህል ይይዛል። ስለዚህ ጄኔሬተሩ ሌሊቱን ሙሉ መጮህ የለበትም። እኛ ቤት መብራት ከጠፋ ሦስት ሰዓት ያህል እንጠብቃለን፣ አንድ ሰዓት እናስነሳለን፣ እናጠፋለን። ፍሪጁ ውስጥ ትንሽ ቴርሞሜትር አለ፣ እሱን አይቼ ነው የምወስነው።

3. የካርቶኑን ቁጥር ወደ ባሕር ዳር ቁጥር ቀይሩት

ካርቶኑ ላይ ሁለት ቁጥር አለ። ትልቁ ለአፍታ የሚችለው ነው፣ ትንሹ ያለማቋረጥ የሚሰጠው ነው። በጉልህ የሚጻፈው ትልቁ ነው፣ ስለዚህ ትንሹን ፈልጋችሁ አንብቡ።

ከፍታ በጨመረ ቁጥር አየሩ ይሳሳል። ሞተሩ የሚስበው ኦክስጅን ይቀንሳል፣ ጉልበቱም አብሮ ይወርዳል። በየ300 ሜትሩ 3.5 ከመቶ ገደማ ይቀንሳል ብላችሁ አስቡ። በእኛ ከፍታ 20 ከመቶ አካባቢ ሄደ ማለት ነው። በጋዝ ሲሠራ ደግሞ ከቤንዚኑ ሌላ 10 ከመቶ ገደማ ይወርዳል።

እናስላው። ያለማቋረጥ 1800፣ ለአፍታ 2200 የሚል ጄኔሬተር አለ እንበል። 1800 ከፍታው 20 ከመቶ ወስዶበት 1440 ይሆናል። በጋዝ ደግሞ ወደ 1300 ይወርዳል። ለአፍታ የሚለው 2200 በሁለቱም ተቀንሶ 1580 ገደማ ነው። የእኔ ቤት 1170 ይፈልጋል፣ ስለዚህ ይበቃል። ፓምፑ ግን 1800 ይፈልጋል፣ ብቻውን ቢሆንም አይነሳም። ፓምፕ ያለው ቤት ያለማቋረጥ 3000 ዋት አካባቢ ወደሚለው መሄድ አለበት። ሌላው መንገድ ጎን ለጎን ተገናኝተው መሥራት የሚችሉ ሁለት ትንንሽ መግዛት ነው፤ አንዱ ለማታ፣ ሁለቱ ለፓምፕ።

ነዳጁን ከአየር ጋር የሚቀላቅለው ካርቡሬተርም የከፍታው ጉዳይ አለበት። ለዝቅተኛ ቦታ የተስተካከለ ካርቡሬተር እዚህ ሲመጣ ነዳጁ ለአየሩ ይበዛበታል። ጥቁር ጭስ ያወጣል፣ ካንዴላው ይጠቁራል፣ ቤንዚን ይበላል። ለከፍታ የሚሆን የካርቡሬተር ጄት (ነዳጁ የሚያልፍባት ቀዳዳ ያላት ትንሽ ዕቃ) ካለው ጠይቁና አስገጥሙ። የጠፋውን ጉልበት ሙሉ አይመልስም፣ ሞተሩ ግን ንጹሕ ይሠራል። ጄኔሬተሩን በኋላ ወደ መተማ ቆላ ይዛችሁ የምትወርዱ ከሆነ ግን የመጀመሪያውን ጄት መልሱበት፣ ያለዚያ ነዳጅ ያንሰውና ሞተሩ ከመጠን በላይ ይግላል።

4. 220 ቮልት፣ 50 ሄርዝ

ይህን ከመክፈላችሁ በፊት በዓይናችሁ እዩ። የአክስቴ ልጅ አሜሪካ ሆኖ የእናቴን ነገር ሰምቶ፣ እግዜር ይስጠው፣ በሁለት ነዳጅ የሚሠራ በጣም ጥሩ ኢንቨርተር ጄኔሬተር በዕቃ ጭነት ላከልን። ሰፈሩ ሁሉ ተሰብስቦ ነው የተከፈተው። 120 ቮልት፣ 60 ሄርዝ ሆኖ ተገኘ። የእኛ ፍሪጅ 220 ቮልት፣ 50 ሄርዝ ነው። ስፒናውም አይገጥምም፣ ከጋዙ ጋር የሚያገናኘው ቱቦም የእኛን ሲሊንደር አይገጥምም። ቮልቱን የሚቀይር ትራንስፎርመር አለ፣ ሄርዙን ግን አይቀይርም፣ ትራንስፎርመሩም ኃይል ይበላል፣ ክብደቱም ሌላ ጣጣ ነው። አሁን ያ ጄኔሬተር ላፕቶፕና ስልክ ቻርጅ ከማድረግ ያለፈ ሥራ የለውም፣ እነሱ ከ100 እስከ 240 ቮልት ስለሚቀበሉ። ውጭ ያለ ዘመድ "ምን ልላክላችሁ?" ሲል ይህን አረፍተ ነገር ላኩለት፦ 220 ወይም 230 ቮልት፣ 50 ሄርዝ ካልሆነ ይቅር።

5. ነዳጁ

ጋዝ ስል ነጭ ጋዝ፣ ላምባ ማለቴ አይደለም። በሲሊንደር የሚሸጠውን የማብሰያ ጋዝ ነው። ላምባም ናፍጣም እዚህ ሞተር ውስጥ አይገባም። ቤት ውስጥ ላሉ ሁሉ ንገሩ፣ በተለይ እናንተ በሌላችሁበት ለሚያስነሳ ሰው።

ሁለት ነዳጅ ይሻላል የምለው አንዱ ሲጠፋ ሌላው ስለሚኖር ነው። የቤንዚን ሰልፍ ምን እንደሚመስል መናገር አያስፈልገኝም። በጀሪካን መቅዳትም እንደልብ አይደለም፣ ስለዚህ የምትቀዱበት ማደያ ምን ወረቀት እንደሚጠይቅ ከግዢው በፊት ሄዳችሁ ጠይቁ። ቤንዚን ቢገኝም ብዙ አይቀመጥም። ወር ሁለት ወር ሲያልፈው ይበላሻል፣ ካርቡሬተር ውስጥ ከቆየም እንደ ሙጫ ይይዛል። "ጄኔሬተሬ እምቢ አለኝ" ከሚሉት ብዙዎቹ ችግራቸው ይህ ነው። ጋዝ ዓመትም ቢቀመጥ አይበላሽም። ሲሊንደሩም ጄኔሬተሩ በማይሠራበት ጊዜ ወጥ ይሠራበታል።

በቤንዚንና በጋዝ ብቻ የሚሠራው ይበቃችኋል። ሦስተኛ ነዳጅ የሚጨምሩት በቧንቧ የሚመጣ የተፈጥሮ ጋዝ ነው፣ ያ ደግሞ ባሕር ዳር የለም። ለማትጠቀሙበት ነገር አትክፈሉ።

ምን ያህል ይበላል? በቀላል ጭነት አንድ ሊትር ቤንዚን 1.2 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ፣ አንድ ኪሎ ጋዝ 1.5 ገደማ ይሰጣል ብላችሁ ገምቱ። እንደ እኔ ቤት 420 ዋት ከሆነ 12 ኪሎ ጋዝ ከ30 ሰዓት በላይ ያሠራል። በቀን ሦስት አራት ሰዓት ብቻ ካስነሳችሁ ከሳምንት በላይ ነው። በየሰፈራችሁ ያለውን ዋጋ አስገብታችሁ የቱ እንደሚረክስ ራሳችሁ አስሉት።

ስለ ጋዙ መያያዝ ጥንቃቄ ይኑራችሁ። ሪጉሌተሩ ላይ በሰዓት ስንት ኪሎ እንደሚያሳልፍ ተጽፏል፣ ከጄኔሬተሩ ፍጆታ ጋር አስተያዩት። ካነሰ ሞተሩ ጭነት ሲበዛበት ይንተፋተፋል። የቱቦው አፍ ካልገጠመ በሽቦ አስሮ በላስቲክ ጠቅልሎ መሥራት የለም፣ የሚገጥመውን ገዝታችሁ አስገጥሙ። ከዚያ የሳሙና አረፋ በየመገጣጠሚያው ቀቡት። አረፋው ከተነፋ እየፈሰሰ ነው፣ ዝጉት። ሲሊንደሩ ሁልጊዜ ቆሞ ይቀመጥ፣ ከተጋደመ ፈሳሹ ራሱ ወደ ሞተሩ ይሄዳል። ይህ ጋዝ ከአየር ይከብዳል፣ መሬት ለመሬት ነው የሚሄደው፣ ስለዚህ ጉድጓድና ዝቅ ያለ ክፍል አጠገብ አታኑሩት።

6. በእርግጥ ኢንቨርተር ነው?

ተራው ጄኔሬተር 50 ሄርዝ ለመስጠት አንድ አምፖልም ቢበራ በአንድ ፍጥነት ይጮሃል። ኢንቨርተሩ ግን ያመነጨውን መጀመሪያ ወደ ዲሲ (እንደ ባትሪ ያለ ኃይል)፣ ከዚያ በኤሌክትሮኒክስ ወደ ንጹሕ ኤሲ (እንደ ግድግዳ ሶኬት ያለ ኃይል) ይቀይረዋል። ስለዚህ ጭነት ሲቀንስ ሞተሩ ይረጋጋል፣ ነዳጅም ድምፅም ይቀንሳል። ለቴሌቪዥንና ላፕቶፕም ይመቻል።

ሱቁ ውስጥ ለማረጋገጥ ቁጠባ የሚለውን ማብሪያ አብሩና ጭነቱን ንቀሉ። የሞተሩ ድምፅ በግልጽ ዝቅ ማለት አለበት። መመሪያው ላይ ደግሞ የሞገዱ መዛባት ከ3 ከመቶ በታች ወይም እሱ አካባቢ የሚል ፈልጉ። ድምፁ በ7 ሜትር ርቀት ከ50 እስከ 60 ዴሲቤል ከሆነ ጥሩ ነው፣ ከሰው ወሬ አይበልጥም። ሽምብጥም ሆነ አባይ ማዶ ማታ ጸጥ ሲል ድምፅ ሩቅ ይሰማል፣ የጎረቤት ሕፃን አለ፣ በሽተኛ አለ።

7. ሱቅ ስትሄዱ

ባዶ እጃችሁን አትሂዱ። ዋቱን የምታውቁትን ዕቃ፣ ለምሳሌ 1000 ዋት የሆነ ካውያ ወይም ምድጃ፣ ይዛችሁ ሂዱ። በቤንዚን አስነስታችሁ ሰኩት፣ ከዚያ በጋዝ አስነስታችሁ እንደገና ሰኩት። ቢያንስ ሩብ ሰዓት ይሥራ። የትርፍ ጭነት መብራቱ ከበራ ወይም ሞተሩ ከተንገዳገደ ያ ጄኔሬተር ለእናንተ አይደለም። "ጋዝ የለንም፣ ቤት ሄደህ ሞክረው" ካሏችሁ፣ ሲሊንደሩን ራሳችሁ ይዛችሁ ኑ። እኔ ይህን ስጠይቅ አንድ ሱቅ ተቆጥቶ መለሰኝ፣ ሁለተኛው ደስ ብሎት ሞከረልኝ። የገዛሁት ከሁለተኛው ነው።

መለዋወጫውን ጠይቁ። ካንዴላ፣ የአየር ፊልትሮ፣ ካርቡሬተር፣ የማስነሻ ገመድ እዚሁ ከተማ ይገኛል? ኢንቨርተር ካርዱ ሲቃጠልስ ማን ይቀይራል? ከሁሉም ውዱ እሱ ነው፣ በቀላሉም አይጠገንም። ዋስትናው በወረቀት ይሁን።

8. የት ይቀመጣል?

ከሰል ቤት ውስጥ አጭሶ መተኛት እንደሚገድል ሁላችንም እናውቃለን። ጄኔሬተር የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ከከሰሉ በብዙ ይበልጣል። ሽታ የለውም፣ አይታይም። በጋዝ ሲሠራም ያወጣል፣ "ጋዝ ንጹሕ ነው" ብሎ ወደ ቤት ማስገባት የለም። ሰርቪስ ክፍል ውስጥ አይሆንም። በሩ የተከፈተ ጋራዥም አይሆንም። በረንዳም አይሆንም። ከቤቱ ቢያንስ 6 ሜትር ርቆ፣ ማርሚታው ከበርና ከመስኮት ዞሮ፣ ከጎረቤት መስኮትም ዞሮ ይቀመጥ። ፎቅ ቤት ለምትኖሩ ባትሪ ያልኩት ለዚህ ነው፤ ደረጃ ላይ የተነሳ ጄኔሬተር ከላይ ያሉትን ሁሉ ያጠቃል። ቤት ውስጥ ያለ ሰው ራሱን ካመመው፣ ካዞረው፣ ካጥወለወለው፣ ሁሉንም ወደ ውጭ አውጡ፣ ወደ ሐኪም ሂዱ።

ለክረምቱ አራት ቋሚ ያለው፣ ጎኑ ክፍት የሆነ የቆርቆሮ ጥላ አሠሩለት። ከአጥሩ ግንብ አንድ ሜትር ይራቅ። ከመሬት በብሎኬት ከፍ ይበል፣ የሐምሌ ጎርፍ ያገኘዋል። በሰንሰለትም እሰሩት።

9. ከቤቱ ጋር ማገናኘት

ሁለት ጫፉ ወንድ የሆነ ገመድ ሠርቶ ከጄኔሬተሩ ወደ ግድግዳ ሶኬት መሰካት የተለመደ ነው። እባካችሁ ተዉት። ዋናው ብሬከር ካልተዘጋ ኃይሉ በቆጣሪው በኩል ወደ መንገድ ይወጣል፣ ትራንስፎርመሩ ጋ ሲደርስ ወደ 15 ሺህ ቮልት ከፍ ሊል ይችላል። እዚያ ምሰሶ ላይ "መብራት የለም" ብሎ ሽቦ የያዘ የሰው ልጅ አለ። መብራት በድንገት ቢመጣም ጄኔሬተሩ ይቃጠላል።

ፈቃድ ያለው ኤሌክትሪሺያን ጠርታችሁ ቼንጅ ኦቨር፣ ማለትም ቤቱን ወይ ከመንገዱ መስመር ወይ ከጄኔሬተሩ ጋር ብቻ የሚያገናኝ ማብሪያ፣ አስገጥሙ። የእኔን የሠራው ልጅ "ጋሼ፣ ፍሪጁንና መብራቱን ብቻ በዚህ በኩል ላድርግልህ፣ ምጣዱ ከዚህ ውጭ ይሁን" አለኝ፣ ትልቅ ምክር ነበር። አሁን ማንም ተሳስቶ ምጣድ ቢሰካ ጄኔሬተሩን አይነካውም። ለጊዜው ቼንጅ ኦቨር ከሌላችሁ ደህና ኤክስቴንሽን፣ ሽቦው 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር የሆነ፣ ሙሉ በሙሉ ተዘርግቶ፣ በቀጥታ ከጄኔሬተሩ ወደ ፍሪጁ። የተጠቀለለ ገመድ ይግላል።

10. ከገዛችሁ በኋላ

አዲስ ጄኔሬተር አብዛኛውን ጊዜ ዘይት ሳይኖረው ነው የሚመጣው። ሳትሞሉ አታስነሱ። የመጀመሪያው ዘይት ከ20 ሰዓት ገደማ ሥራ በኋላ ይቀየራል፣ ከዚያ በየ50 እስከ 100 ሰዓቱ፣ መመሪያው እንደሚለው። የሚይዘው ግማሽ ሊትር ገደማ ነው፣ በጣም ጥቂት ስለሆነ ቶሎ ይቆሽሻል። በበጋ አቧራ የአየር ፊልትሮውን አዘውትራችሁ አራግፉ።

ቤንዚን ስትጨምሩ ሞተሩ ጠፍቶ ሩብ ሰዓት ይቀዝቅዝ። ሥራ ስትጨርሱ የቤንዚኑን መዝጊያ ዝጉና ካርቡሬተር ውስጥ ያለው እስኪያልቅ ራሱ ይጥፋ። እኔ በቤንዚን የማስነሳው ጋዝ ሲያልቅ ብቻ ነው፣ ስለዚህ ሰልባትዮው ባዶ ነው የሚቀመጠው።

መብራት ባይጠፋም በወር አንድ ቀን ፍሪጁን ሰክታችሁ 15 ደቂቃ አስነሱት። ጥላው ቋሚ ላይ ወረቀት ለጥፌያለሁ፣ ባስነሳሁ ቁጥር ቀኑንና ሰዓቱን እጽፋለሁ፣ የዘይት ቀኑም የሲሊንደሩ መጨረሻም ከዚያ ይታወቃል። እናቴም ማንበብ ስለምትችል እኔ ከሌለሁ ስንት ሰዓት እንደቀረው እሷ ለወንድሜ ትነግረዋለች።